ከሰም ሰሌዳ እስከ ኤሌክትሮኒክ ቀለም፤ ስለ ማስታወሻ መጻፊያዎች አጭር የታሪክ ጥናት

ለእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ የሚሻለው የወረቀት ደብተር ነው ወይስ በኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚሠራው ሰሌዳ? የሚለው ክርክር በተማሪዎች መካከል ዘወትር ይሰማል። ብዙዎቹ ክርክሩ በእኛ ዘመን የተወለደ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን፥ ነገሩ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የቆየ መሆኑን መረዳታችን ነው። ሌላም ምክንያት አለን፤ እርሱን በመጨረሻ እናነሣዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እየተጻፈበት የሚፋቅ ሰሌዳ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ አጠገብ፥ ኡሉቡሩን በተባለው ስፍራ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት ከሰጠመ መርከብ ውስጥ፥ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ የእንጨት ገጾች ተገኝተዋል። ገጾቹ ሰም እንዲይዙ ጎድጎድ ተደርገው የተፈለፈሉ ናቸው። በሮማውያንም ዘመን ተማሪውና ነጋዴው የሚይዙት ይህንኑ ዓይነት ሰሌዳ ነበር። የመጻፊያው ብረት አንደኛው ጫፉ ሹል፥ ሁለተኛው ጠፍጣፋ ነው፤ በሹሉ ይጽፋሉ፥ በጠፍጣፋው ሰሙን ደልድለው ያጠፋሉ። ዛሬም ከኤሌክትሮኒኩ ሰሌዳ ጋር የሚሸጡት አንዳንዶቹ ብዕሮች በጫፋቸው ይጽፋሉ፥ ሲገለበጡ ያጠፋሉ።

የንግግር ጥበብ መምህር የነበረው ሮማዊው ኲንቲልያን፥ በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጻፈው ሰፊ የማስተማሪያ መጽሐፍ፥ በ10ኛው ክፍል፥ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ ይመክራል። ሐሳቡ በእኛ አነጋገር ሲቀርብ እንዲህ ነው፤ ለመሰረዝ ስለሚመች በሰም ላይ መጻፍ ይሻላል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ግን ብራና ቢመርጥ ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ ብራና ዓይንን ቢረዳም፥ ብዕሩን እየደጋገሙ ቀለም መንከር እጅን ያዘገያል፥ የሐሳብንም ፍሰት ያቋርጣል። ቈይቶ የሚታሰበው ነገር እንዲጻፍበት ባዶ ስፍራ መተው እንደሚገባም ያሳስባል። ሰሌዳው ከመጠን በላይ ሰፊ እንዳይሆንም ይመክራል፤ ድርሰቱን በመስመር ቍጥር ይለካ የነበረ አንድ ወጣት፥ መስመሮቹ በመርዘማቸው ጽሑፉ ከልክ ያለፈ ይሆንበት እንደ ነበረ ያስታውሳልና። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ገጹ ወደ ታች እየተሳበ በማያልቀው ሰሌዳ ላይ የመምህሩን ሳል እንኳ ሳይቀር የሚጽፍ ጓደኛ አለንና።

እንግዲህ መምህሩ የመረመረው መሰረዝን፥ ዓይንን፥ ፍጥነትንና ስፋትን ነው። ስለ ዘላቂነት በዚያ ስፍራ አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው ገና ስለሚረቀቅ ድርሰት ነውና። በለንደን ከተማ ከ2010 እስከ 2014 በተደረገው ቁፋሮ 405 የሰም ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱም አንዱ በ57 ዓመተ ምሕረት፥ ጃንዋሪ 8 ቀን የተጻፈ የ105 ዲናር የዕዳ ሰነድ ነው። ሰሙ ግን ጠፍቷል። ሊቃውንቱ ያነበቡት፥ ጸሐፊው ብረቱን አጥብቆ ሲጫን ሰሙን አልፎ እንጨቱን የቧጠጠውን ብቻ ነው። ባለዕዳው ዛሬ የሚታወቀው በጸሐፊው እጅ ክብደት ነው ማለት ነው።

ወረቀትም በመጣ ጊዜ እንዲሁ ተጠርጥሯል። ዳግማዊ ፍሬዴሪክ በ1231 ለሲሲሊያ መንግሥቱ ባወጣው ሕግ የአደባባይ ውሎች በብራና እንጂ በወረቀት እንዳይጻፉ አዘዘ። ጀርመናዊው አበምኔት ትሪቴሚዩስም በ1492፥ ብራና 1000 ዓመት ሲቆይ የወረቀት መጽሐፍ 200 ዓመት ቢቆይ ብዙ ነው ሲል ጻፈ፤ ይህ መጽሐፉ ግን በ1494 በማይንዝ ከተማ በማተሚያ ታተመ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ብራና ምን ያህል እንደሚቆይ የአባ ገሪማ ወንጌሎች ይመሰክራሉ፤ በሳይንስ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል። ለዕለት ትምህርት ግን ብራና አልተሠራም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው በልቡ ነው። በወሎና በሐረር የቁርኣን ተማሪዎችም በእንጨት ሉሕ ላይ ጽፈው፥ ካጠኑት በኋላ አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። የሚቀመጠውና የሚታጠበው በአባቶቻችን ዘንድ እየራሱ ነበር።

የኤሌክትሮኒኩ ቀለም ታሪክ አጭር ነው። ኒኮላስ ሸሪደን በ1970ዎቹ፥ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል፥ እኩሌታቸው ነጭ እኩሌታቸው ጥቁር የሆኑ ጥቃቅን ኳሶችን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያዞር ገጽ ሠራ። በ1997 ጆሴፍ ጄኮብሰንና ባልደረቦቹ፥ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተነሥተው፥ ኢ ኢንክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በእነርሱ ዘዴ በዓይን በማይታዩ ከረጢቶች ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ፤ ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ፥ ሌላውን ወደ ታች ይስባል፤ ኃይሉ ቢቋረጥም የተጻፈው ባለበት ይቆያል። በ2004 የሶኒ ሊብሪዬ በጃፓን፥ በ2007 ኪንድል በአሜሪካ ለንባብ ወጡ፤ በ2017 ደግሞ ኖርዌያዊው ሪማርከብል በእጅ የሚጻፍበትን ሰሌዳ አቀረበ። ስለዚህ ይህ ዕቃ የወረቀት ልጅ ሳይሆን የሰም ሰሌዳ የልጅ ልጅ ነው ብለን እንፈርዳለን። ከአያቱ የሚበልጠው የራሱን ቅጂ ወደ ሌላ ስፍራ መላክ በመቻሉ ነው።

ነገር ግን በዚሁ መንገድ ሌላ እጅም ይገባል። በ2009 አማዞን፥ የሸጠው ሰው መብት የለውም በማለት፥ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ በሩቁ ሰረዘ። አንድ የሚቺጋን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የጻፋቸው ማስታወሻዎች የሚጠቅሱት ገጽ ስለ ጠፋ ከንቱ ሆኑበት፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያታችን እንምጣ። ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን፥ ብራና ሲፍቁና ሲጽፉ የኖሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄደን ስለ ሙያቸው ጠየቅናቸው። ሁለታችን ደብተር፥ አንዱ ጓደኛችን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይዘን ነበር። ሥራ ተከፋፍለን ስለ ነበር የቀለሙን አዘገጃጀት የጻፈው ባለሰሌዳው ብቻ ነው። ስንመለስ ዝናብ መታን። በእስክሪብቶ የተጻፈው ደብተር ተሸብሽቦ ተረፈ፤ በውሃ ቀለም የተጻፈው ግን ፈሰሰ። የሰሌዳውም ፊት በመኪናው ጭነት ሥር ተሰነጠቀ። በገጠሩ ኔትወርክ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ውጭ አልተላከም። ጽሑፉ በውስጡ እንዳለ እናውቃለን፤ የሚያወጣልን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘንም። መሪጌታ በታኅሣሥ ዐርፈዋል።

ከፈሰሰው ደብተር በመብራት አንጻር እየያዝን 11 ገጽ ገልብጠናል። ሰሌዳው በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።