የግስ አርእስትና የጀማሪ ቃላት ምርጫ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ አንበሳሜ ያደርሳል፤ ዋናው መንገድ ግን በወረታ በኩል የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል። ይህ አገር ለሊቃውንት ትምህርት ባዕድ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ፤ በቅኔ የታወቁት ዋሸራና ጎንጅም ከዓባይ ማዶ በጎጃም ናቸው። ስለዚህ ከእኛ መካከል በአንበሳሜ አካባቢ ያደግን ተማሪዎች በልጅነታችን ግስ የሚያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን ድምፅ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። መምህሩ «ቀደሰ» ሲሉ ተማሪዎቹ «አመሰገነ» ብለው ይቀበላሉ። ከብዙ ሺህ ቃላት መካከል እነዚህ ለምን ተመርጠው እንደ ቀደሙ ግን ያን ጊዜ አልጠየቅንም። አሁን ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ነው።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቃል የሚመርጥ የለም፤ ሕፃን ከእናቱ አፍ የሰማውን ይይዛል። ተማሪው አፉን ያልፈታበትን ቋንቋ ሲያስተምሩት ግን መምረጥ ግዴታ ይሆናል። ግእዝ አንድ ሰው አስቦ የሠራው ቋንቋ አይደለም፤ ቀድሞ ሕዝብ የተነጋገረበት ነው። ሆኖም የአፍ መፍቻነቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ስላለፈ፣ በትምህርት በኩል ሲታይ እንደ ኤስፔራንቶ ካሉት ሰው ሠራሽ ቋንቋዎች ጋር ይመሳሰላል፤ ተማሪው ወደ ሁለቱም የሚገባው ሌላ ሰው መርጦ ባዘጋጀለት በር ነው።

የቅኔ መምህራን የግስን መሪዎች «አርእስት»፣ ከሥራቸው የሚሰለፉትን ደግሞ «ሠራዊት» ይሏቸዋል። የአርእስቱ ዝርዝር ከመምህር መምህር ይለያያል፤ ብዙዎች ግን ስምንት ያደርጓቸዋል። ከታወቁት ዝርዝሮች አንዱ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚል ነው። ሌላው ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ ይላል። ቀተለ፣ ቀደሰና ባረከ በሁለቱም ይገኛሉ፤ የቀሩት አምስት አምስቱ ይለያያሉ።

ልዩነቱ በዘፈቀደ የመጣ አይመስለንም። በመጀመሪያው ዝርዝር ብቻ የሚገኙት አምስቱ ሠራ፣ ዐወቀ፣ ሾመ፣ አለ፣ ቆመ ማለት ናቸው፤ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሳያገኛቸው አያልፍም። በሁለተኛው ብቻ የሚገኙት ግን አማለደ፣ ማረከ፣ መገበ፣ ቻለ፣ ደብዳቤ ጻፈ ናቸው። መጻሕፍት «ጻፈ» ለማለት ዘወትር የሚይዙት ጸሐፈን ነው፤ ታዲያ ጦመረ ስለ ምን ተመረጠ? መልሱ በመልኩ ነው። ጦመረ በሳብዕ፣ ሴሰየ በኃምስ፣ ክህለ በሳድስ፣ ባረከና ማኅረከ በራብዕ፣ ቀተለ፣ ቀደሰና ተንበለ በግዕዝ ይጀምራሉ። እንግዲህ ይህ ዝርዝር የቃሉን ጥቅም ሳይሆን የቃሉን ቅርጽ ተከትሎ የተመረጠ ነው። ሴሰየን የያዘ ተማሪ ዴገነንና ጌገየን ሲያገኝ መሪያቸውን ያውቃል፤ ጦመረን የያዘም ሞቅሐ አይቸግረውም።

የቅርጽ ምርጫ ኃይሉ ቀላል አይደለም። ቀተለና ቀደሰ በጽሕፈት ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚጠብቀውን ፊደል ጽሕፈቱ አያሳይምና። ሲረቡ ግን አንዱ ይቀትል፣ ሌላው ይቄድስ ይላል። ስለዚህ ነገረ የቀተለ ሠራዊት መሆኑን የተማረ ልጅ ይነግር ይላል፤ ፈጸመ የቀደሰ መሆኑን የተማረም ይፌጽም ይላል። በጥቂት አርእስት እጅግ ብዙ ግስ ይገዛል ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ከእኛ በጣም ርቆ ያገኘው ሌላ ሰው አለ። የዓይን ሐኪም የነበረው ዛሜንሆፍ እ. ኤ. አ. በ1887 በዋርሶ የኤስፔራንቶን መጀመሪያ መጽሐፍ ሲያሳትም ያቀረባቸው ሥረ ቃላት 900 ገደማ ብቻ ነበሩ። ገና በተማሪነቱ ለአዲሱ ቋንቋ የሚያስፈልገው የመዝገበ ቃላት ብዛት አስጨንቆት እንደ ነበረና፣ በመንገድ ላይ ሁለት የሩሲያኛ ሰሌዳዎች በአንድ ዓይነት ቅጥያ ሲያልቁ አይቶ ከጭንቀቱ እንደ ተፈታ በደብዳቤው ገልጧል። ሰሌዳዎቹ የበር ጠባቂ ቤትና የጣፋጭ መሸጫ ነበሩ። ስለዚህ በኤስፔራንቶ አባት «ፓትሮ» ሲሆን እናት «ፓትሪኖ» ነው፤ «ኢን» የምትለውን ቅጥያ የያዘ ጀማሪ የእንስትን ስም ሁሉ ለብቻው አያጠናም።

ሁለተኛው ዘዴ ቃላቱን ራሳቸውን መቀነስ ነው። እንግሊዛዊው ኦግደን እ. ኤ. አ. በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ብሎ ያወጣው ዝርዝር 850 ቃላት ነበሩት፤ 600ዎቹ የነገር ስሞች፣ 150ዎቹ የጠባይ መግለጫዎች፣ የቀሩት 100 ደግሞ ግሦችና አያያዦች ነበሩ። ግሦቹ 18 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ቁጥሩ ተማሪውን ሊያታልለው ይችላል። ይህን ለመረዳት ወደ አማርኛ መመለስ ይበቃል። «አለ» የሚለውን አንድ ቃል ብሎ የቆጠረ ሰው ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ከፍ አለ የሚሉትን አንድ በአንድ ሳያጠና አማርኛ ቻልኩ ሊል አይችልም። የኦግደንም ጥቂት ግሦች ከትንንሽ አያያዦች ጋር እየተጋጠሙ እንደዚሁ አዲስ ትርጉም ይወልዳሉ። ከዝርዝሩ የወጣው ሸክም ከተማሪው ጀርባ አልወረደም።

ሦስተኛው ዘዴ መቁጠር ነው። ማይክል ዌስት እ. ኤ. አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር 2,000 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላትን ሲመርጥ በጽሑፍ ውስጥ የሚመላለሱበትን ብዛት ዋና መመዘኛ አደረገ። የኤስፔራንቶ አካዳሚም እ. ኤ. አ. በ1974 መሠረታዊ ሥረ ቃላትን እንደ አዘውታሪነታቸው በ9 ክፍል መድቦ አወጣ። ከዚህ የምንረዳው፣ ከቅርጽ የተነሣው ቋንቋ እንኳ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ቆጠራ መምጣቱን ነው።

ይህን መመዘኛ ወደ ግእዝ ብናመጣው ከፊት የሚሰለፉት ይቤ፣ ውእቱ፣ ሀሎ፣ አልቦ፣ እስመ፣ ኀበ የመሳሰሉት ይሆናሉ። ከእነዚህ አያያዥ የሆኑት በቅኔ ቤት ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ ተብሎ በሚከፈለው በአገባብ ትምህርት ውስጥ ይገኛሉ፤ ጀማሪው ግስ በሚያጠናበት ወራት ገና አልደረሰባቸውም። ይቤም የብህለ ወገን ሲሆን መልኩ ከአርእስቱ እጅግ የራቀ ስለሆነ፣ ብህለን በቃሉ የያዘ ጀማሪ በመጽሐፍ ሲያየው አያውቀውም።

ታዲያ ሊቃውንቱ ተሳሳቱ እንበልን? አንልም። የቅኔ ቤት ዓላማ ቅኔ የሚቆጥር ሰው ማውጣት ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ለመሥራት የማንንም ዐረፍተ ነገር አይደግምም፤ ራሱ ያረባል፣ ራሱ ያገጣጥማል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ብዙ የሚወልድ ጦመረ ብዙ ከሚታይ እስመ ይልቅ ቢቀድም ተገቢ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን በኮሌጅም በሰንበት ትምህርት ቤትም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ግእዝ የሚማረው አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ማንበብ ነው። ለቅኔ የተዘጋጀውን ቅደም ተከተል እንዳለ ለአንባቢ ማሸከም ዓላማውን ሳይጠይቁ መሣሪያውን ማዋስ ነው። ከእኛም መካከል ስምንቱን አርእስት በቃሉ እያወረደ አንድ መስመር ማንበብ አቅቶት ትምህርቱን የተወ አለ፤ ያን ጊዜ ስንፍና መስሎን ነበር።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለአንባቢ ትምህርት ሲዘጋጅ አርእስቱ አይጣሉ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይቤ፣ ውእቱ፣ ሀሎና አልቦ ከእስመና ከኀበ ጋር አብረዋቸው ይሰጡ። ከሁለቱ ዝርዝሮችም ገብረን፣ ብህለንና ቆመን የያዘው ይቅደም፤ ጦመረና ማኅረከ ተማሪው ማንበብ ከጀመረ በኋላ ይምጡ። ይህም እንዳይሆን የሚከለክል ሥርዐት አላየንም፤ መምህራኑ ራሳቸው ሁለት ዝርዝር መያዛቸው ምርጫው ለመመርመር ክፍት እንደ ሆነ ያሳያል። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ እየበላ ነው የሚማረው። የኮሌጅ ተማሪም ጊዜው ጠባብ ነው። ያለ ቦታው የተሰጠ ቃል ከሁለቱም ላይ የማይመለስ ቀን ይወስዳል፤ መራጩም ይህን እያሰበ ሊመርጥ ይገባል።