አቶ ግርማሜ ንዋይና የመሬት ጥያቄ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ያደግን ተማሪዎች፥ ቡና የሚያበቅል መሬት ለአንድ ቤተ ሰብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከልጅነታችን ጀምረን እናውቃለን። ይሁን እንጂ በቀድሞው ዘመን በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ አራሹ ሌላ፥ ባለመሬቱ ሌላ እንደ ነበረ፥ ጭሰኛውም ከምርቱ ሲሶውን፥ አንዳንድ ጊዜም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ እንደ ነበር ብዙዎቻችን አናስተውልም። ይህን ለማረም ከሞከሩት የአውራጃ ገዥዎች አንዱ አቶ ግርማሜ ንዋይ ናቸው።

አቶ ግርማሜ የመኳንንት ወገን ሲሆኑ፥ ወደ አሜሪካ ተልከው በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሩ። በኮሎምቢያ ያጠኑትም ነጮች በኬንያ የአገሬውን መሬት ይዘው ስለ መስፈራቸው ነበር። በ1946 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኑ። በዚያም መሬት የሌላቸውን ገበሬዎች ባልታረሰ መሬት ላይ አሰፈሩ። ባለመሬቶቹ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ስላሉባቸው ከሥፍራው ተነሡ። ቀጥሎም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ፤ ለአርብቶ አደሩ ሕዝብ ውሃና ሕክምና ለማዳረስ ቢጥሩም ከበላይ በቂ ድጋፍ አላገኙም።

በዚህ ተስፋ ቆርጠው ከወንድማቸው ከክቡር ዘበኛ አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ተማከሩ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ነገር ግን የጦር ሠራዊቱ አሸነፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው የነበሩ ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮችም ተገደሉ። አቶ ግርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አካባቢ ሞቱ፤ ወንድማቸውም መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ተቀጡ።

እኛ ይህን ታሪክ ስንመለከት ሁለት ነገር እናያለን። በወላይታ የሠሩት ሥራ ቅን ነበር፤ እጃቸው የተያዙ ሰዎችን መግደል ግን በማናቸውም ምክንያት ትክክል ሊባል አይችልም፤ ለገበሬውም አንድ ጋሻ መሬት አላስገኘም። ቢሆንም አቤቱታን በጊዜው ያልሰሙ ሰዎችም ከበደሉ ንጹሓን አይደሉም። ጥያቄው ራሱ አልሞተም፤ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ተነሡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣውም አዋጅ የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት ቀረ።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ሹመት የሚያገኝ ቢኖር፥ የድሀውን አቤቱታ በጊዜው ይስማ።