የፍላጻ ማረፊያና የኑባ ቀስተኞች ቀለበት

ስለ ቀስት የጻፉ ሊቃውንት የእንጨቱን ዐይነት፥ የቁመቱን ልክና የፍላጻውን ጫፍ በትጋት ለይተው መዝግበዋል። ፍላጻው ከመወርወሩ በፊት በየትኛው ጐን፥ በምን ላይ እንደሚያርፍ የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። በጥንቱ ቀስት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለፍላጻ ማረፊያ ተብሎ የተቀረጸ ስፍራ የለም፤ ማረፊያው ቀስቱን የጨበጠው እጅ ራሱ ነው። እንግዲህ ቀስተኛው የሚመርጠው ግራውን ወይም ቀኙን ጐን ነው፤ ይህንም ምርጫ የሚወስነው አውታሩን የሚስበው እጅ ነው።

ይህን ነገር በሰፊው የመረመረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ ነበር። ሞርስ የአንድ ጃፓናዊ ወዳጁ አሳሳብ እርሱ ከለመደው ፈጽሞ የተለየ መሆኑን አይቶ ስለ ተገረመ፥ የየሕዝቡን ልማድ ሰብስቦ በ1885 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ጽሑፉን አሳተመ። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ቀኝ እጁ አውታሩን በሌባ ጣትና ተከትለውት ባሉት ጣቶች የሚስብ እንደ ሆነ፥ የጣቶቹ ጥምዘዛ ፍላጻውን በቀስቱ ግራ ጐን አስጠግቶ ይይዘዋል፤ ፍላጻውም በግራ እጅ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። በአውራ ጣት የሚስብ እንደ ሆነ ግን ጥምዘዛው ወደ ሌላው ወገን ስለሚሆን፥ ፍላጻው በቀኝ ጐን፥ በግራ እጅ አውራ ጣት ላይ ይቀመጣል። እንግሊዞች በመጀመሪያው፥ ሞንጎሎች፥ ቱርኮችና ጃፓኖች በሁለተኛው ስልት ተጠቅመዋል።

በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከመቶ በላይ ረጃጅም ቀስቶች ወጥተዋል፤ ማረፊያ የተቀረጸባቸው ግን አይደሉም። ከዚያ በኋላ የመጡት የእንግሊዝ የጨዋታ ቀስቶች ከእጀታው በላይ በግራ ጐናቸው የዝሆን ጥርስ ወይም የዕንቍ ዛጎል ይለጠፍባቸው ነበር፤ ይኸውም ፍላጻው እያለፈ እንጨቱን እንዳይበላው ነው። ቱርኮች ደግሞ ፍላጻን እጅግ አርቀው ለመወርወር በፈለጉ ጊዜ ሲፐር የሚባል ቦይ ያለው ትንሽ ማረፊያ በግራ እጃቸው ላይ ያስሩ ነበር። በዚህም አጭሩን ፍላጻ ከቀስቱ ወደ ውስጥ አልፈው መሳብ ቻሉ።

ይህ ምርመራ ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ወደ ኑባ ምድር በተሻገረ ጊዜ ነው። ጥንታውያን ግብጻውያን ያን አገር ታ ሴቲ፥ ማለት የቀስት ምድር፥ ይሉት ነበር። የአክሱም ንጉሥ ኤዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ባስቀረጸው ጽሑፍ የሚወሱት ኖባና ካሱ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። በመርዌና ከእርሷ በኋላ በነበረው ዘመን መቃብሮች ውስጥ ከድንጋይ የተሠሩ ወፍራም የአውራ ጣት ቀለበቶች ተገኝተዋል፤ በሙሰወራት አስ ሱፍራ ባለው የአንበሳ ቤተ መቅደስም ከክርስቶስ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ አርነካማኒ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ አድርጎ ተቀርጿል። ድንጋዩ ያለ ሰበብ በጣት ላይ አልዋለም፤ አውታሩ ጣቱን እንዳይቈርጠው ነው። ከዚህም የተነሣ የበሰበሰው ቀስት ያልነገረንን ቀለበቱ ይነግረናል፤ ፍላጻው የሚያርፈው በቀኝ ጐን ነበር ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ሆኖም የኑባው ቀለበት ቅርጹ ከእስያው ስለሚለይ፥ አያያዙ በሁሉ ነገር አንድ ነበር ብሎ መወሰን ችኰላ ነው።

ዐረቦች በ652 ዶንጎላን በወጉ ጊዜ የገጠሟቸው የእነዚህ ሰዎች ልጆች ነበሩ። በ9ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አል ባላዙሪ እንደሚተርከው፥ ቀስተኞቹ ዐይንን እየመረጡ ስለሚመቱ ዐረቦቹ ዐይን መቺዎች ብለው ጠሯቸው። ጦርነቱም በዕርቅ ተፈጸመ።

በሙዚየም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀስት ይህን ሁሉ አይናገርም። ቀስት የሚሰበስብ ተማሪ ባለቤቱን አንድ ጊዜ እንዲወረውር ለምኖት፥ ፍላጻው በየትኛው ጐን እንዳረፈና የትኛው ጣት እንደ ሳበ ከመለኪያው ቍጥር አጠገብ ቢጽፍ፥ በዚያ ቀስት ላይ የሚጎድል አንድ ዐምድ ይሞላል።