ፀሐይ የማይበግረው ተለጣጭ ጨርቅ
የተሸመነ ናሙና፤ ፖሊስተርና ስፓንዴክስ

ጨርቁ ተጎትቶ ሲለቀቅ ወደ ልኩ የሚመለሰው በክሩ መሃል ባለው ስፓንዴክስ ነው። ይህን ተለጣጭ ክር እ.ኤ.አ. በ1958 የፈለሰፈው የዱፖንት ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ነው፤ ቦታው የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ። ጠላቱ ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር ረጃጅም ሞለኪውሎቹን ሲበጣጥስ ስፓንዴክስ ይወይባል፣ ይላላል። ስለዚህ ፖሊስተር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይሸፍነዋል። ፖሊስተር፣ በተለይ ከመስታወት ጀርባ፣ ፀሐይን ይችላል፤ ለመኪና ወንበር የተመረጠውም በከንቱ አይደለም። የቀለሙ አገባብ ደግሞ ብልሃት አለው። ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ አልተነከረም፤ ፖሊስተሩ ገና ቀልጦ ሳለ፣ ክር ሆኖ ሳይወጣ፣ ቀለም ተደባልቆበታል። የፖሊስተሩ ቃጫ ቢቆረጥ መሃሉም እንደ ላዩ ሰማያዊ ነው። የክፍሉ መብራት የደበዘዘው ለዚህ ጨርቅ ሳይሆን አጠገቡ ላለው ሐር ሲባል ነው።