ካሜራ የያዘ ሁሉ ሲጠረጠር

ለንደን ውስጥ በአደባባይ ፎቶ ማንሳትን በጠቅላላው የሚከለክል ሕግ ኖሮ አያውቅም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል፣ ድልድይ ወይም ባቡር ጣቢያ ፎቶ ሲያነሳ ፖሊስ አስቁሞ የፈተሸው ሰው «በምን ጠረጠራችሁኝ?» ብሎ መሟገት አይችልም ነበር። ሕጉ ጥርጣሬ መኖሩን አይጠይቅም ነበርና።

ሥልጣኑ የተገኘው በ2000 ከወጣው የጸረ ሽብር ሕግ አንቀጽ 44 ነው። አንድ ከፍተኛ የፖሊስ ሹም አካባቢውን ይለይ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በ48 ሰዓት ውስጥ ያጸድቅ፣ ፈቃዱም ቢበዛ 28 ቀን ይጸና ነበር። ወረቀቱን ላነበበ ሥልጣኑ ልጓም ያለው ይመስላል። በተግባር ግን «አካባቢው» መላው ታላቋ ለንደን ሆነ፤ ፈቃዱም ባለቀ ቁጥር ሲታደስ ኖረ። ሕዝቡ ይህን ያወቀው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም በፍርድ ቤት ሙግት ነው።

የሙግቱ መነሻ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2003 በለንደን ምሥራቅ የተካሄደ የጦር መሣሪያ አውደ ርዕይ ነበር። ኬቨን ጊላን የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ለተቃውሞ፣ ጋዜጠኛዋ ፔኒ ኩዊንተን ደግሞ ተቃውሞውን ለመቅረጽ ወደ ስፍራው ሄዱ። ሁለቱም ተፈተሹ። ኩዊንተን የጋዜጠኝነት መታወቂያዋን ብታሳይም ቀረጻ እንድታቆም ታዘዘች። የፖሊስ መዝገብ ፍተሻዋ 5 ደቂቃ እንደፈጀ ሲያሰፍር፣ ለእሷ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል መስሏታል። ከዚያ በኋላ ወደ ሰልፉ ለመመለስ ወኔ አጣች፤ ልትሠራው ያሰበችው ፊልምም እዚያው ቀረ። ክልከላ ሳይታወጅ ካሜራ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

የሽብር ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም። በጁላይ 7 ቀን 2005 በከተማዋ ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 52 ሰዎች አልቀዋል። ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው፦ በ2004/05 33,177 የነበረው የአንቀጽ 44 ፍተሻ በ2007/08 117,278 ደረሰ። የሕጉን አፈጻጸም እንዲገመግሙ የተሾሙት ሎርድ ካርላይል ራሳቸው፣ ከእነዚያ በብዙ ሺህ ከሚቆጠሩ ፍተሻዎች አንዱም ከሽብር ወንጀል ጋር እንዳልተገናኘ መስክረዋል።

ይባስ ብሎ በፌብሩዋሪ 2009 በዚሁ ሕግ ላይ አንቀጽ 58ሀ ተጨመረ። ስለ ፖሊስና ወታደር ለአሸባሪ የሚጠቅም መረጃ መሰብሰብ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ሆነ። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ ፖሊስን ፎቶ ማንሳትም በዚህ ያስከስሳል ብለው የሰጉ ፎቶ አንሺዎች በለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በስኮትላንድ ያርድ ደጃፍ ተሰልፈው የፖሊሶቹን ፎቶ አነሱ።

የጊላንና የኩዊንተን ጉዳይ በ2006 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በነበረው በሎርዶች ምክር ቤት ውድቅ ቢሆንም፣ የስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2010 ፈረደላቸው፤ ሥልጣኑ በቂ ገደብ የሌለውና የግል ሕይወትን የሚጥስ ነው አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ያለ ጥርጣሬ ሰውን መፈተሽ እንዲቆም አደረጉ፤ አንቀጹም በ2012 በሌላ ጠበቅ ያለ ድንጋጌ ተተካ። አንቀጽ 58ሀ ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ከ2019 ወዲህ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ከፍ ብሏል።