ከቀዶ ሕክምና በፊት ሰውነትን ስለ ማንቀሳቀስ፤ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ አጭር ታሪካዊ ጥናት

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ በሩዙ የታወቀ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። የሜዳው ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩባት ናት። በዚህ አገር ሰው ሲታመም ቤተ ዘመዱ በመጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «አርፈህ ተኛ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ በሽተኛ ይህ ምክር ይበጀዋልን? የሕክምና ታሪክ የሚሰጠው መልስ፣ ብዙ ጊዜ አይበጀውም የሚል ነው። (የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ስንል የአገራችንን ሰው ብቻ ለመንቀፍ አይደለም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ይህንኑ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዳጅ ሐኪም ጆን ሂልተን በ1863 ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ፣ የታመመ አካል ሁሉ መድኃኒቱ ዕረፍት መሆኑን ገልጾ ጻፈ። ከዚያም በኋላ እስከ ያለፈው ምዕተ ዓመት እኩሌታ ድረስ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይወርድ ይታዘዝ ነበር። ኤሚል ሪስ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በ1899 በሽተኞቹን ቶሎ ከአልጋ እያስነሣ ውጤቱን ቢያሳውቅም የተከተለው ጥቂት ነበር። ኋላ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልጋና አስታማሚ ስላነሰ ቁስለኞች ቶሎ መነሣት ግድ ሆነባቸው፤ መነሣታቸውም እንደ ተፈራው አልጎዳቸውም። በ1947 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር፣ ብዙ መተኛት ደምን በሥር ውስጥ እንደሚያረጋ፣ ጡንቻን እንደሚያከሳና መጋጠሚያን እንደሚያደርቅ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አወጣ።

መተኛት ምን ያህል እንደሚያዳክም በግልጽ የታወቀው በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ በተደረገ ምርመራ ነው። በእኛ በተማሪዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እነዚያው ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲመረመሩ፣ ሦስቱ ሳምንት ያደረሰባቸው ድካም ሠላሳው ዓመት ካደረሰባቸው የበለጠ ነበር። ጤነኛው ወጣት እንዲህ ከሆነ፣ በሕመም ተዳክሞ ሳለ ቢላዋ የሚጠብቀው ሰው ምን ያህል ይጎዳ?

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መንቀሳቀስ የሚጠቅም ከሆነ አስቀድሞ መጀመር ይሻላል የሚል ነው። ስዊድናዊው ላርስ ቶሬን በ1954 እንዳሳየው፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ሰዎች መካከል የመተንፈስ ልምምድን አስቀድመው የተማሩት ኋላ ከተማሩት ይልቅ በሳንባ ሕመም የተያዙት በቁጥር ያነሱ ነበሩ፤ ፈጽሞ ያልተማሩት ግን ከሁሉ የባሱ ሆኑ። በ2010 በካናዳ በሞንትሪያል የወጣው ጥናት ደግሞ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 112 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። አንደኞቹ የቆመ ቢስክሌት ይነዱና ክብደት ያነሡ ነበር፤ ሁለተኞቹ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተመደቡት፣ በየቀኑ እንዲራመዱና እንዲተነፍሱ ተመከሩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም በመራመድ ችሎታቸው የተሻሉት ሳይታሰብ ሁለተኞቹ ሆኑ። ከባዱን ልምምድ በሚገባ የፈጸሙት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ በሽተኛው በየቀኑ ሊፈጽመው የሚችል እንቅስቃሴ ነው።

ይህንኑ እውነት አገራችን በሌላ መንገድ፣ በመከራ ተምራዋለች። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ከወረታ መንገድ ርቃ የምትኖር ሴት ምጥ ቢጠናባት ሐኪም ዘንድ መድረስ አይሆንላትም። ምጡ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የፊኛዋን ሥጋ ተጭኖ ይጎዳዋል፤ ሽንቷም ያለ ማቋረጥ የሚፈስስ ይሆናል። ይህ ፌስቱላ የሚባለው ሕመም ነው። አንዳንዲቱ ሽንቱ ያንስልኛል ብላ ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ጉልበቷን ሰብስባ በጎኗ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ትተኛለች። ምጡም የእግሯን ነርቭ ጎድቶት እንደ ሆነ የእግሯን ጫፍ ወደ ላይ ማንሣት ይሳናታል። በመጨረሻም ጉልበቷና ዳሌዋ ታጥፈው ይቀራሉ።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ ያጋጠማቸው እንዲህ ያለ በሽታ ነበር። በኋላም የፌስቱላን ሆስፒታል አቋቋሙ። እግሯ ተኮማትሮ የደረቀባትን ሴት ወዲያው መቅደድ አይቻልም፤ ሐኪሙ ቁስሉን ለማግኘት እግሯ መከፈት አለበት፤ የከሳ ሰውነት ደግሞ የተሰፋውን ሥጋ በደንብ አያያይዝም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጣት ምግብና የአካል ልምምድ ነው። እግሯ ቀስ በቀስ ይዘረጋል፤ በድጋፍ ትቆማለች፤ ከዚያም ትራመዳለች። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ቀዶ ሕክምናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የባሕር ዳር ማዕከል ሲከፈት ይህ ሕክምና ለፎገራ ሴቶች ቀረበ። በተከተሉት ዓመታት የወረታ ጤና ጣቢያ፣ ሴቶቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት ምግብ እያገኙና ያለባቸውን ሌላ ሕመም እየታከሙ ተዘጋጅተው ወደ ባሕር ዳር ከሚላኩባቸው ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በእኔ አስተያየት የወረታ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሕክምናው የሚጀምረው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት በሚጠበቅበት ስፍራ ነው።

ነገሩ ወሰን እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ድንገተኛ ሕመም ለዝግጅት ጊዜ አይሰጥም፤ ልቡን ለታመመ ወይም አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የልምምዱን መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አስቀድሞ መለማመድ ለሁሉም ቀዶ ሕክምና እኩል ይጠቅማል የሚል ማስረጃም የለም። ሆኖም ሐኪሙ ካልከለከለ፣ ቀኑን የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው «አርፈህ ተኛ» ከማለት ይልቅ እጁን ይዞ እስከ ደጅ ቢያራምደው ይሻላል። ተሸማቅቃ በጓዳ የተኛችውን ሴት ደግሞ ይህ ሕመም መድኃኒት አለው ብሎ ማስነሣት ከሁሉ የሚቀድም ነው።