ከባሕር የራቀ ክሎሪን፦ የዱስ ጭስና ያልጠገቡ ሃይድሮካርቦኖች

የአየር ክሎሪን ሲነሣ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው ሞሊናና ሮውላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስጠነቀቁለትን የላይኛውን የኦዞን ንጣፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የምንተነፍሰው የታችኛው አየር ነው። በዚህኛው አየር ክሎሪን የባሕር ዳርቻ ነገር ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል፤ ዋና ምንጩ የባሕር ጨው ነውና። ግምቱን ያናጋው ቶርንተንና ባልደረቦቹ በ2010 ያሳተሙት የቦልደር፣ ኮሎራዶ ልኬት ነው፤ ከባሕር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በራቀ ስፍራ ናይትሪል ክሎራይድ የተባለ ክሎሪን ያዘለ ጋዝ ተገኘ።

በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር ያለችው የካራዎች መንደር ዱስ ከሕንድ ውቅያኖስ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለክሎሪን ምንጭ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ከሐመር ኮረብቶች ማዶ ያለውን ጨው ባሕርን ይሆናል። እኔ የማዘነብለው ግን ወደ ቅርቡ፣ ወደ ሣሩ ነው። ሣር ክሎራይድ አለው፤ ሲቃጠል ከፊሉ ሜቲል ክሎራይድ ሆኖ ይተናል፣ ከፊሉ የፖታሲየም ክሎራይድ ብናኝ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል። በ2000 በደቡባዊ አፍሪካ የተካሄደው የሳፋሪ ጥናት እንዳሳየው፣ በትኩስ ጭስ ውስጥ የሚበዛው ይህ ጨው ጭሱ ባረጀ ቁጥር በሰልፌትና በናይትሬት ይተካል። የተፈናቀለው ክሎሪን ወደ አየሩ ይገባል፤ አብዛኛውም ሃይድሮጂን ክሎራይድ ሆኖ። ግጦሽ እንዲታደስ የሚለኮሰው እሳት ነበልባሉ አልፎ መጨስ ሲጀምር ደግሞ ኤቲሊንና ፕሮፒሊን ይለቃል። አጥቂውም ተጠቂውም የአንድ እሳት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ሌሊት ከጭሱ የመጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ተዋህዶ መጀመሪያ የናይትሬት ራዲካል፣ ከዚያም ዳይናይትሮጅን ፔንታኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ክሎራይድ ያለው እርጥብ ብናኝ ላይ ሲያርፍ ናይትሪል ክሎራይድ ይወጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ ይሰነጥቀውና የክሎሪን አቶም ነፃ ይሆናል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የቦልደር ልኬት የክረምት ብርድ ነበረበት። በቆላው ሙቀት ፔንታኦክሳይዱ ቶሎ ስለሚፈርስ፣ የጭሱ ያልጠገቡ ውህዶችም ቀዳሚውን የናይትሬት ራዲካል ስለሚበሉት፣ ከዱስ የኮሎራዶን ያህል መጠበቅ የለበትም።

አቶሙ ነፃ ከወጣ በኋላ የሚያደርገው እንደሚያገኘው ሞለኪውል ይለያያል። እንደ ኢቴን ካለው የጠገበ ሃይድሮካርቦን ሃይድሮጂን ነጥቆ ወደ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይመለሳል። ኤቲሊንን ሲያገኝ ግን ራሱ ድርብ ቦንዱ ላይ ይጣበቃል። የተፈጠረው አካል በትርፍ ጉልበት ስለሚንቀጠቀጥ በዙሪያው ያሉ ሞለኪውሎች ገጭተው ካላበረዱት መልሶ ይበተናል፤ የአጸፋው ፍጥነት በአየር ግፊት የሚወሰነውም ለዚህ ነው። ከበረደ ኦክስጅን ይጨምርበትና ፔሮክሲ ራዲካል ይሆናል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ካለ በመጨረሻ ክሎሮአሴታልዴሃይድ ይሰጣል፣ በመንገዱም ኦዞን የሚወልደውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይተዋል። ክሎሪኑ በካርቦን ታስሮ ቀረ።

የክሎሪን ፍጥነት የቀኑን አየር በዋናነት ከሚያጸዳው ከሃይድሮክሲል ራዲካል ጋር ሲነጻጸር ለኢቴን ከ200 እጥፍ በላይ፣ ለኤቲሊን 12 እጥፍ ያህል፣ ዛፎች ለሚለቁት ያልጠገበ ውህድ ለአይሶፕሪን 4 እጥፍ ገደማ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ሃይድሮክሲልና አሥር ሺህ የክሎሪን አቶም አለ እንበል። ክሎሪን የሚያጠፋው አይሶፕሪን ሃይድሮክሲል ከሚያጠፋው 4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ኢቴን ላይ ግን ሃይድሮክሲልን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ክሎሪን በእያንዳንዱ ግጭት ፈጥኖ የሚይዘው ያልጠገበውን ነው፤ ዱካው የሚነበበው ግን በጠገበው መመናመን ነው።

ለዚህ ነው በዱስ ሰዓቱ ወሳኝ የሚሆነው። ጎህ ሲቀድ ሃይድሮክሲል ገና አልበዛም፤ የወንዙ ዳር ሾላም አይሶፕሪን የሚለቀው በብርሃንና በሙቀት በመሆኑ ገና አልጀመረም። በዚያች ሰዓት በቀዝቃዛው አየር ውስጥ ተኝቶ ያደረው ጭስና ኤቲሊኑ ብቻ ናቸው። ረፈድ ሲል ግን ቅጠሉ ይነቃል። በአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውል አንድ አይሶፕሪን ሲኖር፣ አቶሙ ዕድሜው ከአንድ ሴኮንድ አሥረኛ አያልፍም፤ ይህ መጠን ብቻውን 30 እጥፍ ከሚሆን ኦዞን ጋር ክሎሪኑን እኩል ይሻማል። ከአይሶፕሪን ጋር ከሚደረገው አጸፋ 85 በመቶ ገደማው መጣበቅ ነው፤ ከውጤቶቹ አንዱ 1-ክሎሮ-3-ሜቲል-3-ቡቴን-2-ኦን ሌላ የታወቀ የአየር ምንጭ ስለሌለው፣ በዱስ ናሙና የሚወስድ ሰው ጎህ ላይ ክሎሮአሴታልዴሃይድን፣ ከረፋዱ በኋላ ደግሞ ይህን ውህድ መፈለግ ይኖርበታል።